የታርሲካ ወርቅና የኔ አንገት

ሜይ 6፣ ቅዳሜ

ልጄ ነጭ ወርቅ አማረኝ አለች። ከምሳ በኋላ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና ሥዕል አሳየችኝ። ባል በሚስቱ አንገት ላይ የሚያስረው ታሊ፣ የክር ያህል በቀጠነ ነጭ ሰንሰለት ላይ ተንጠልጥሏል። ክው ብዬ ቀረሁ።

«ይሄ የመነጽር ማንጠልጠያ ነው?» አልኳት።

«አማ፣ ነጭ ወርቅ ነው። ፓሪስ ያሉት ሁሉ ይሄንን ነው የሚያሠሩት።»

«ነጭማ ባሏ የሞተባት ናት የምታደርገው።»

ይህን ካልኩ በኋላ እሷ ስልኳን፣ እኔ ሳህኑን ማየት ጀመርን።

«እሺ፣ ቢጫ ይሁን» አለች ቆይታ። «ግን ቀጭን። ኒሩሻን ባቡር ውስጥ ከሴት አንገት በጥሰው ይሮጣሉ ብሎኛል።»

ኒሩሻን እጮኛዋ ነው። ፓሪስ ምግብ ቤት ይሠራል፤ እናቱ እዚሁ ከተማችን ጃፍና ናት። ሠርጉ ጁላይ 9 ነው። ከዚያ ብንዘገይ የአዲ ወር ይገባል፤ በአዲ ማንም አይጋባም። ሁለት ወር ቀረን፣ ልጄም ገና ከቀለሙ አልወጣችም።

ሜይ 9፣ ማክሰኞ

የኒሩሻን እናት ማኖንማኒ ሙዝ፣ ጣፋጭና ሐሳቧን ይዛ መጣች። ከሦስቱ ሐሳቧ ነበር የከበደው። ታሊውን የሚያሠሩት የወንድ ወገኖች ስለሆኑ ወሳኟ እሷ ናት። ይህን አምስት ጊዜ ነገረችን። ቅርጹ የዝሆን ራስ ያለው አምላካችን ፒላያር መሆን አለበት፤ ባለ ቀንድ የሚባለው ሌላው የታሊ ቅርጽ አይሆንም። ሰንሰለቱ አሥራ አንድ ፓውን ወርቅ፤ አንዱ ፓውን ስምንት ግራም ነው።

«አክስቴ፣ አንገቴ ይቀነጠሳል» አለች ታርሲካ።

«የኔ አሥራ ሦስት ነው። አንገቴ ተቀንጥሷል?»

የማኖንማኒ አንገት እንኳን አሥራ ሦስት ፓውን የበሬ ቀንበርም ይችላል። ግን የልጄ አማት ናት፤ ሻይ ቀዳሁላት።

«ሦስት ይበቃኛል።»

«በሦስት ፓውንማ ድመት ነው የሚታሰር፣ ልጄ።»

ስትወጣ በሩ ላይ ታላቅ እህቴን ፑሽፓምን ዝቅ ባለ ድምፅ ስትጠይቃት ሰማሁ፦ «እስካሁን አድርጋዋለች?» ፑሽፓም ምን እንደመለሰችላት አልሰማሁም። ምኑን ነው የማደርገው? ልብሴን? ጫማዬን? ሰው ሥራ ሲፈታ የሰው አንገት ያያል።

ሜይ 12፣ ዓርብ

የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና፣ አርባ አንድ ወረቀት። አሥራ አራቱን ብቻ አረምኩ።

ልብስ ሰፊዋ ጋ አልሄድኩም።

የመጥሪያ ካርድ አታሚው ደወለ። ከሙሽሪት አባት ስም ፊት «ሟች» የሚለው ይግባ ወይስ አይግባ? ነገ ደውልልኝ አልኩት።

ሜይ 18፣ ሐሙስ

አታሚው በየቀኑ ይደውላል፤ እኔም በየቀኑ ነገ እለዋለሁ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ያበቃበት ቀን ነው፣ ስምንት ዓመት። ሰዉ ወደ ባሕሩ ዳር ሄዶ መብራት ያበራል። ፑሽፓም «ነይ እንሂድ» ብላ መጣች። እኔ ለማን አበራለሁ? መብራት የሚበራው ለሞተ ነው። የታርሲካ አባት ውሃ ሊቀዳ ነው የሄደው። ውሃ ሊቀዳ የሄደ ሰው ሞተ አይባልም፣ ዘገየ ነው የሚባለው። በዚያ በመጨረሻው ሳምንት ስንቱ ሰው ወዴት ወዴት ሄዷል። አንዳንዱ እስከ ዛሬ በሰው አገር እስር ቤት አለ ይባላል።

ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ አንድ ሲቫኔሳን የሚባል ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል አወራኝ። ሻይ ሰጠሁት፣ አመሰግናለሁ ብዬ እስከ በር ሸኘሁት። የመነጽሩ ዘንግ ተሰብሮ በክር የታሰረ ሰው ነው፤ እሱ ምን አየሁ ቢል ማን ያምነዋል። ታርሲካ ያን ቀን ማስጠኛ ሄዳ ስለነበር አልሰማችም። ሰውየው ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ።

ሜይ 24፣ ረቡዕ

አታሚው መደወል ተወ። ተመስገን። አንዳንድ ነገር ዝም ካሉት ራሱ መስመር ይይዛል።

ሜይ 27፣ ቅዳሜ

ከታርሲካ ጋር የካስቱሪያር መንገድን ወርቅ ቤቶች አዳረስን። ታሊው የነሱ ቢሆንም ልጄን ባዶ እጇን አልድርም። አንድ የተሰነጠቀ የድሮ አምባር አለኝ። እሱን አስቀልጬ አንድ ነገር አሠራላታለሁ፤ ጥያቄው ምን የሚለው ነው። አንገት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጠው አቲያል ሀብል ያምራል፣ ግን ለፓሪስ ካፖርት ሥር ምን ያደርጋል? እንደ ደወል የሚንጠለጠለው ጉትቻ ለፊቷ ይሄዳል፣ ግን የግራ ጆሮዋ ቀዳዳ ተቀዷል። አምባር ደግሞ «የአሮጊት ነው» ትላለች።

ሻጩ ምላሱ ማር የላሰ ነው። «ለሁለታችሁም የሚሆን አለኝ፣ እህትማማቾች» አለን። ታርሲካ ሳቀች። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሀብሉን ልሞክርላት ጎንበስ ስል የኔ ታሊ ከአንገቴ ወልቆ መስተዋቱ ላይ ወደቀ። በሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ። ሻጩ ያ ሁሉ ማር ደርቆበት በሁለት እጁ አንስቶ ሰጠኝ። «ቆልፉ ላልቶ ነው፣ እመቤት፣ ሌላ ነገር አይደለም» አለ። ሌላ ነገር ነው ያለው ማን ነው? ታሊ ሲወድቅ ለባል ክፉ ምልክት ነው የሚሉ አሉ። የመጀመሪያውን ሰንሰለት በጦርነቱ ጊዜ በሩዝ ለውጬዋለሁ፤ ይህ ቀጭን ነው፣ ቢላላ አይገርምም።

ጁን 1፣ ሐሙስ

ማን ልጅቱን ይሰጣል የሚለው ተነሣ። ሙሽሪትን ለሙሽራው የሚሰጡት ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ የሌለው ሰው አይቆምም። ማኖንማኒ ወሬ አታስውብም።

«አባትየው ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም» አለች። «እዚያ ግን የሆነ ሰው መቆም አለበት።»

«ወንድሜና ሚስቱ ይቁሙ» አልኩ።

«ደግ። አንቺስ የት ነው የምትቀመጪው? ከባለ ባሎቹ ጋር ከፊት ነው? ወይስ ከኋላ?»

 ሃያ ዓመት አስተምሬ በአንዲት የመቀመጫ ጥያቄ ወደቅሁ። ከሄደች በኋላ ፑሽፓም ሻይዋን አስቀምጣ አፈጠጠችብኝ።

«ዮጋ፣ ሰውየው ካለ የታለ? ከሌለ ደግሞ አውልቂው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

«አካ፣ ታላቄ ባትሆኚ ኖሮ ከቤቴ አስወጣሽ ነበር።»

«ታላቅሽ ስለሆንኩ ነው ሌላው ከኋላሽ የሚለውን ፊት ለፊት የምልሽ።»

ሻይዋን ሳትጨርስ ኩባያውን አነሣሁባት። ማታ እራት ላይ ግን አዲስ መዝሙር እንደተማረ ተማሪ የሷን ቃል ስደጋግም አመሸሁ። የሰው አፍ ክፉ ነው። የእህት ደግሞ ይብሳል።

ጁን 6፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ አንጥረኛው ናካሊንጋም ጋ ሄድኩ። የተሰነጠቀውን አምባርና ታሊዬን በአንድ መሐረብ ጠቅልዬ ሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ከሌላ ሰው ጋር ይነጋገር ነበር፤ ምን እንዲሠራ ሳልነግረው ራሱን ነቀነቀልኝ። አውቶቡሱ ሊሄድ ነበር። ወጣሁ።

ታሊ ሲወልቅ በቢጫ ክር የሚታሰረውን እርድ እገዛለሁ። አንገት ባዶ አይሆንም።

ጁን 7፣ ረቡዕ

ዝናብ። በዚህ ዝናብ ከተማ አይወጣም።

እርዱን ገዝቼ ወጥ ቤት አስቀምጬው ነበር፤ ታርሲካ ምስር ውስጥ ከተተችው። ምስሩ ጣፈጠ።

ጁን 8፣ ሐሙስ

ራስ ምታት። ወረቀት ማረምም ቀረ። ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ።

ትናንት ሌሊት ግን እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ። እንዲህ የተኛሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ጁን 9፣ ዓርብ

ዛሬ ፊደሌ የተማሪ መስሏል።

ናካሊንጋም ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ከወረቀት ውስጥ ብይ የምታህል የወርቅ ድንቡልቡል አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

«ምንድን ነው?»

«አምባሩና ታሊው ነው፣ ቲቸር። ትናንት ማታ አቀለጥኩት። ንጹሕ የድሮ ወርቅ ነው።»

ለጊዜው አልገባኝም። ቃሉ ተራ በተራ ነው የገባኝ፣ መጀመሪያ «አምባሩ»፣ ከዚያ «ማታ»፣ በመጨረሻ «ታሊው»።  የተቀመጥኩበት በርጩማ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ። ያቺ ብይ ገና ለብ ያለች ትመስል ነበር፤ የኔው እጅ ይሆናል ያሞቃት።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል?» አልኩት። በአባቴ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ አልኩት። «ባለ ባል ሴት ነኝ እኮ። ማን አቅልጠው አለህ?»

በመንገዱ ያሉት አንጥረኞች ሁሉ መዶሻቸውን አቆሙ። እሱ ግን አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ቲቸር፣ እኔ እዚህ ቦታ አርባ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ባል ያላት ሴት ታሊዋ ሲላላ በምትኩ ቢጫ ክሯን አንገቷ ላይ አስራ እዚህ ፊቴ ትቀመጣለች። እስክጨርስ ዓይኗን ከእጄ አታነሣም። ሽንቷ ቢመጣ አትነሣም። ታሊዋን አንጥረኛ ቤት ያሳደረች ባለ ባል ሴት እስከ ዛሬ አላየሁም። እርስዎ ከተሰበረ አምባር ጋር ጠቅልለው ትተውልኝ ሄዱ። የመጀመሪያውን ሌሊት አልነካሁትም፣ እየሮጡ ይመጣሉ አልኩ። ሁለተኛውንም ጠበቅኩ። በሦስተኛው ቀን ጀምበር ስትጠልቅ፣ እሺ፣ ገባኝ አልኩ።»

«ምኑ ነው የገባህ?»

«ባል የሞተባቸው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። አይናገሩም። ከሌላ ወርቅ ጋር ቀላቅለው ይተዉልኛል። እኔም አልጠይቅም። ለልጅ ይሆናል።»

 ጎንበስ አለና ሰው እንዳይሰማ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ደንቡን አያውቁትም ነበር?»

ደንቡን የማያውቅ ማን አለ? እናቴ ታሊዋ ሲታጠብ አንጥረኛው ፊት ተቀምጣ እኔን ጡት ታጠባ ነበር ይባላል። አውቀዋለሁ። ግን አውቶቡሱ ሊሄድ ነበር። ረቡዕ ደግሞ ዝናብ ነበር። ሐሙስም ራሴን አሞኝ ነበር፤ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ብይዋን እዚያው ትቼለት ወጣሁ። መንገድ ላይ ሴቶቹ ሁሉ አንገቴን የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። ማንም አላየኝም። የደነገጥኩት በዚህ ነው፤ ጭራሽ ማንም አልተገረመም።

ጁን 11፣ እሑድ

ቀን ላይ ካርዱ በካርቶን መጣ። ሦስት መቶ። ከፈትኩት። የሙሽሪት አባት ስም አለ፤ ከፊቱ ደግሞ «ሟች» ተብሎ በወርቅ ቀለም ታትሟል። ማንም እንዲህ ጻፍ አላለውም። ስልኩን አንሥቼ አታሚውን ልሰድበው ስል ታርሲካ ከእጄ ወሰደችው።

«እኔ ነኝ ያልኩት፣ አማ። የዛሬ ሦስት ሳምንት።»

«አባትሽን? በየትኛው አፍሽ?»

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ማን ሞተ አለሽ?»

«ሲቫኔሳን።»

ተቀመጥኩ። ያን ቀን አስጠኚው ታሞ ማስጠኛ አልነበረም አለች። በጓሮ በር ገብታ ወጥ ቤት ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አባቷ የት እንደሞተ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ እንዴት እንደቀበሩት። እኔ «አመሰግናለሁ» ስል ሰምታለች። የሻይ ኩባያውን ሳጥብ እንኳ እዚያው ከበሩ ኋላ ነበረች።

«ሰባት ዓመት ሙሉ?» አልኳት።

«አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅኩ። ከዚያ አንቺ የማትነግሪኝ መሆንሽ ገባኝ። ታሊሽን በየጠዋቱ ዓይንሽ ላይ አስነክተሽ ስትስሚው እያየሁ ምን ልበል?»

«አላለቀስሽም?»

«አልቅሻለሁ። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ።»

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ልጄ አባቷን ብቻዋን አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እራት አቅርባልኛለች። እኔ ደግሞ «ዛሬ ምነው ዓይንሽ ቀላ፣ ስልክ አታብዢ» ብያት ይሆናል፤ እንዲህ ማለት ልማዴ ነው። ልጄን ከሐዘን የጠበቅኳት መስሎኝ ነበር። ማን ማንን ሲጠብቅ እንደኖረ አሁን ነው ያየሁት፤ አፈርኩም።

አብረን አለቀስን። ፑሽፓም ድምፅ ሰምታ መጣች፤ ካርዱን አየች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ሩዝ መልቀም ጀመረች። ከሷ የማይጠበቅ ነው።

ጁን 14፣ ረቡዕ

ከታርሲካ ጋር ናካሊንጋም ጋ ሄድን። አንተ ስላልኩት ይቅርታ ጠየቅሁት። «በዚህ በርጩማ ላይ ከዚያ የባሰም ተብያለሁ» አለኝ።

ብይዋን ሚዛኑ አጠገብ አኖራት። «ይኸው፣ ይምረጡ። ሀብል ይሆናል። ትልልቅ ጉትቻ ይሆናል። አምባርም ይሆናል። እንደነበረው ታሊ አድርገህ መልስልኝ ካሉም...» ብሎ ተወው።

እንዳይጨርሰው ብዬ ይሁን እንጃ፣ ቶሎ ብዬ «ለልጄ ጉትቻ» አልኩ።

«አይደለም» አለች ታርሲካ። «አምባር። ሁለት ቀጫጭን። ከእጅ የማይወልቅ፣ በዘይት ካልሆነ የማይገባ። አንዱ የኔ፣ አንዱ የሷ።»

«የአሮጊት ነው ብለሽ አልነበር?»

«አሮጊት ለመሆን ነው እኮ የማገባው።»

አንጥረኛው ሳቀ። እኔ ደነገጥኩ። ባል የሞተባት ሴት እጇ ባዶ መሆን አለበት፤ ይህን ልጄም፣ ሽማግሌውም፣ ግድግዳውም ያውቃል። ናካሊንጋምን አየሁት፣ አይሆንም እንዲለኝ። እሱ ግን አንገቱን አቀርቅሮ የእጅ መለኪያ ቀለበቶቹን ይፈልግ ነበር። «ቀኝ እጅዎን፣ ቲቸር» አለ። ሰጠሁት።

ጁን 25፣ እሑድ

ዛሬ በሙሽራው ቤት ወርቁ ቀለጠ። ናካሊንጋም የወንድ ወገኖች ያቀረቡትን የወርቅ ሳንቲም አቅልጦ ለታሊው አዘጋጀ። እኔ አልሄድኩም፤ ባለ ባሎች ናቸው የሚሄዱት። ፑሽፓም ስትመለስ ነገረችኝ፦ ፒላያር ነው፣ ሰባት ፓውን። ማኖንማኒ ከአሥራ አንድ ወረደች፣ ታርሲካ ከሦስት ወጣች። ወርቁ ከቀለጠ በኋላ ሠርግ አይፈርስም፤ ሙሽሮቹም እስከ ሠርጉ አይተያዩም። ታርሲካ ግን በስልክ ሲተያዩ ነው ያመሹት። ስልክ በደንቡ ውስጥ የለም አለች።

ጁላይ 10፣ ሰኞ

ትናንት ተጋቡ።

ወንድሜና ሚስቱ ልጄን ሰጡ። እኔ ኋላ፣ አራተኛው መደዳ ላይ ተቀመጥኩ። ግንባሬ ላይ የባለ ባሎቹ ቀይ ነጥብ የለም፣ አንገቴ ባዶ ነው፣ ቀኝ እጄ ላይ ግን አምባር አለ። ማኖንማኒ አንዴ እጄን፣ አንዴ ፊቴን አየች፤ ከዚያ አበባ ሠሪውን ልትቆጣ ሄደች። ከበሮው በአንድ ጊዜ ጮኸ፣ ኒሩሻን ታሊውን አሰረ፣ እኔም ከኋላ ሆኜ ሩዝ በተንኩ። ሩዜ ከፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ፀጉር ላይ ቀረ።

አጠገቤ ከጀርመን የመጣች የማኖንማኒ አክስት ተቀምጣ ነበር። ሰማንያ ይሆናታል። ማንንም አታውቅም፤ ስለ ሁሉም ግን ትጠይቃለች። ይሄ ማነው፣ ያቺ የማን ናት። በመጨረሻ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«የሙሽሪት አባት የቱ ነው?»

የኛ ሴቶች የባላቸውን ስም በአፋቸው አይጠሩም። ሃያ ስድስት ዓመት ጠርቼው አላውቅም፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

«ኩጋዳሳን ነው» አልኳት። «ሞቷል። በመጨረሻው ሳምንት፣ ውሃው ጋ ሳይደርስ ነው የሞተው። ሲቫኔሳን የሚባል ሰው በሁለት የዘንባባ ዛፍ መካከል ቀብሮታል። ከተነገረኝ ሰባት ዓመት ሆኖኛል።»

አሮጊቷ እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ጮክ በይ ልጄ፣ ጆሮዬ ከባድ ነው።»

ከበሮው ቆሞ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ስሙንም ጭምር፣ ጮክ ብዬ ደገምኩላት።